አፍ ሳይሆን እጅ ይወቅ፦ ለነርሲንግ ተማሪዎች የጡት ራስን በራስ ምርመራ ማስተማሪያ

ጎንደር ላይ ተማሪዎችን በስኪል ላብም (በመለማመጃ ክፍል) በዋርድም (ሕሙማን በሚተኙበት ክፍል) ሳስተምር ደጋግሞ የገጠመኝ ነገር አለ። ተማሪው የምርመራውን ቅደም ተከተል ሲጠየቅ አንድ ሳያስቀር ይዘረዝራል። የጡት ሞዴል ሲሰጠው ግን በጣቱ ጫፍ ነካ ነካ አድርጎ «ኖርማል ነው» ይላል። አንድ ጊዜ ቼክ ሊስቱን በሙሉ ነጥብ ላለፈ ቡድን ስፖንጅ ውስጥ ሽምብራ ደብቄ ሰጠሁ። አብዛኞቹ ሳያገኙት አለፉ። ያኔ ማስተማሬን ከሥሩ ቀየርኩ። ከዚህ በታች ያለው የተቀየረው አካሄድ ነው፤ ለኢንስትራክተሮች፣ ዋርድ ላይ ተማሪ ለሚቀበሉ ነርሶችና ታናናሾቻቸውን ለሚያግዙ የአራተኛ ዓመት ተማሪዎች ይሆናል።

ከሁሉ በፊት፦ ያልተረጋገጠ ተስፋ አትስጡ

ተማሪዎቹ ወደ ማኅበረሰቡ ወጥተው «በየወሩ ጡትሽን ከመረመርሽ በካንሰር አትሞቺም» እንዳይሉ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ሻንጋይ ውስጥ 266,000 ገደማ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞች የተሳተፉበት ትልቅ ጥናት ነበር። የመጨረሻ ውጤቱ በ2002 እ.ኤ.አ. ሲወጣ፣ ራሳቸውን መመርመር የተማሩትም ያልተማሩትም በጡት ካንሰር የመሞታቸው መጠን ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። በተማሩት ዘንድ ግን ካንሰር ያልሆኑ እብጠቶች በብዛት ተገኝተው ለናሙና ተወስደዋል።

ታዲያ ለምን እናስተምራለን? እኛ ዘንድ ብዙ እናቶች ሐኪም ፊት የሚቀርቡት እብጠቱ ቆዳውን ከቀደደ በኋላ ነው። ጡቷ በደህና ጊዜ ምን እንደሚመስል የምታውቅ ሴት ለውጡን ቶሎ ታያለች፤ ቶሎ ካየች ቶሎ ትመጣለች። የምናስተምረው ለዚህ ነው። ምርመራው በባለሙያ እጅ መታየትንም፣ ማሞግራፊንም (የጡት ራጅ)፣ አልትራሳውንድንም አይተካም። ይህን ዓረፍተ ነገር ተማሪዎቹ በራሳቸው ቃል መልሰው እስኪነግሯችሁ ወደሚቀጥለው አትለፉ።

ዝግጅት ሀ፦ ሞዴሉን ራሳችሁ ሥሩ

የፋብሪካው ሞዴል አንድ ወይም ሁለት ቢሆን ነው፤ ተማሪው ብዙ ነው። በዚያ ላይ እብጠቶቹ ያሉበት ቦታ ከባች ወደ ባች ስለሚወራረስ ተማሪው በጣቱ ሳይሆን በወሬ ያገኛቸዋል። ስለዚህ እንዲህ አድርጉ።

1. ከፍራሽና ከሶፋ ሠሪዎች ቁርጥራጭ ስፖንጅ ጠይቁ። የ2 ሴንቲ ሜትር ውፍረትና የ15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ሦስት ክቦች ቁረጡ።
2. ካርቶን ላይ አራት ወይም አምስት እርሳሶች ጎን ለጎን፣ አንድ ጣት ያህል እያራራቃችሁ በፕላስተር ለጥፉ። እነዚህ የጎድን አጥንቶች ናቸው። ይህን ደረጃ አትዝለሉት፤ አጥንትን ከእብጠት መለየት የሚለመደው እዚህ ነው።
3. ሦስቱን ክቦች በላዩ ደርቡ። ምስር ከላይኛው ንብርብር ሥር፣ ሽምብራ ከመካከለኛው ሥር፣ ባቄላ ከታችኛው ሥር አድርጉ። ስፖንጁን ከታች በኩል ትንሽ ሰንጥቃችሁ ከከተታችሁ በኋላ በክር ስፉት፤ ካልተሰፋ ይንሸራተታል።
4. አንድ ሁለት ሞዴል ምንም ሳይደበቅበት ይቅር። ለምን እንደሆነ ምዘናው ላይ እመለስበታለሁ።
5. ሁሉንም በአሮጌ ስቶኪንግ ሸፍኑ፤ ከካርቶኑ ጀርባ ቁጥር ጻፉ፤ የተደበቀበትን ቦታ በማስታወሻ ያዙ።

ጥሬ እህል ተጠቀሙ። የተቆላ ሽምብራ ይፈረካከሳል፣ የራሰ ደግሞ ይለሰልሳል። ከክረምት በኋላ እህሉን ቀይሩ፤ ነቀዝ ይገባዋል።

*ካልሠራ፦* ባቄላው ለእናንተም ለራሳችሁ ካልተዳሰሰ ስፖንጁ ወፍራም ወይም ደረቅ ነው፤ አንዱን ንብርብር አንሡ። ገና እጅ ስታሳርፉበት ከታወቀ ደግሞ ስስ ነው። ሳትሞክሩት ለተማሪ አትስጡ።

ዝግጅት ለ፦ ክፍሉና ስምምነቱ

በሩ የሚዘጋ፣ መስኮቱ መጋረጃ ያለው፣ የቀን ብርሃን የሚገባው ክፍል ምረጡ። በአምፖል ብቻ አትተማመኑ፤ መብራት ሲሄድ ትምህርቱ ይቋረጣል። የሞቀ ውኃ በፔርሙስ ያዙ። የጎንደር ጠዋት፣ በተለይ ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ ጣት ያደነዝዛል፤ የደነዘዘ ጣት ደግሞ ሽምብራን ከስፖንጅ አይለይም።

ቀጥሎ ያለው ልመና አይደለም፤ ሕግ ነው።

- ማንም ተማሪ በክፍል ውስጥ ልብስ እንድታወልቅ አይጠየቅም፤ ራሷ «ልሁንላችሁ» ብትልም አይፈቀድም።
- ተማሪ በተማሪ ጡት ላይ አይለማመድም።
- «ቤትሽ መርምረሽ ምን አገኘሽ?» ተብሎ በሰው ፊት አይጠየቅም።
- ወንድ ተማሪዎች ከክፍል አይወጡም። ነገ የእናቶችን ጥያቄ የሚመልሱት እነሱም ናቸው፤ የጡት ካንሰር ቁጥሩ ይነስ እንጂ ወንድንም ይይዛል። የሚለማመዱት በሞዴሉና በራሳቸው ደረት ላይ ነው።

*አንድ ተማሪ ሲያሾፍ፦* በመጀመሪያው ትምህርት ላይ ሳቅ ይኖራል፤ አብዛኛው የሐፍረት ሳቅ ነው። አትቆጡ። ሞዴሉን እጁ ላይ አስቀምጡና «እናትህን እያስረዳህ ነው በል፤ ጀምር» በሉት። እኔ ዘንድ ክፍሉ ጸጥ የሚለው ያኔ ነው።

ደረጃ 1፦ ቀኑን መምረጥ

የወር አበባ የምታይ ሴት፦ ደም ከጀመረበት ቀን ቆጥራ ከሳምንት በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ትመርምር። ከወር አበባ በፊት ጡት ያብጣል፣ ይጓጉላል፤ ያን ጊዜ የሚዳሰሰው ሁሉ ያስደነግጣል።

የወር አበባ የተቋረጠባት፣ እርጉዝ ወይም የምታጠባ፦ ከወሩ አንድ ቋሚ ቀን ትያዝ። የምታጠባዋ ሕፃኑን አጥብታ ከጨረሰች በኋላ ይሁን። ለትልልቅ እናቶች «በየወሩ በ15ኛው ቀን» ብትሏቸው ይረሳል። ክርስቲያን እናት በ12 ሚካኤልን፣ በ21 ማርያምን አትረሳም፤ «በዋዜማው ማታ» በሏት። ሙስሊም እናት የወሩን የመጀመሪያ ዓርብ ልትይዝ ትችላለች። ቀኑን ራሷ ትምረጥ፤ የናንተ ድርሻ መጠየቅ ነው።

ደረጃ 2፦ በዐይን

ተማሪዎቹ ይህን ደረጃ እንደ መግቢያ ቆጥረው ይሮጡበታል። አስቁሟቸው። አራቱን አቋቋሞች ልብስ ለብሰው በየተራ ይሥሩ፦

1. እጅ ወደ ታች ተዘርግቶ፤
2. ሁለቱም እጆች ከራስ በላይ ተነሥተው፤
3. መዳፎች ወገብ ላይ ሆነው በኃይል ወደ ውስጥ እየተጫኑ፤
4. ወደ ፊት ጎንበስ ተብሎ።

ሦስተኛው ለምን እንደሚጠቅም በራሳቸው ገላ ይወቁት፦ ወገባቸውን እየተጫኑ ደረታቸውን ቢነኩት ጡንቻው ሲጠነክር ይሰማቸዋል። ከሥር የያዘ ነገር ካለ ቆዳው የሚሰረጎደው ያን ጊዜ ነው።

የሚፈለገው፦ አዲስ የመጠን ወይም የቅርጽ ለውጥ፣ ስርጉድ፣ የብርቱካን ልጣጭ የመሰለ ቆዳ፣ መቅላት፣ ቁስል፣ ወደ ውስጥ የገባ ወይም አቅጣጫውን የቀየረ የጡት ጫፍ፣ በጫፉ ላይ የማይድን ቅርፊት፣ ሳይጨመቅ ራሱ የሚፈስ ፈሳሽ፤ በተለይ ከአንድ ጡት ብቻ ከሆነ ወይም ደም ካለበት። አንዱ ጡት ከሌላው ትንሽ መብለጡ ድሮም ከነበረ ጤናማ ነው፤ የሚያሳስበው አዲሱ ነው።

የጡት ጫፍን መጭመቅ አታስተምሩ። የቆዩ ጽሑፎች ላይ ታገኙታላችሁ። የተጨመቀ ጡት ብዙ ጊዜ ያለ ምንም በሽታ ጠብታ ይሰጣል፤ ሴትየዋ በከንቱ ትጨነቃለች።

*መስታወት ከሌለ፦* ደንቢያ ወይም ደባርቅ ገጠር የምትመደብ ተማሪ «መስታወት ፊት ይቁሙ» ብላ ብትጀምር ትምህርቱ እዚያው ያበቃል። የእጅ መስታወት ከበቃ በእሱ፣ ካልሆነ የምታምናት እህት ወይም ልጅ ትይላት። እሱም ካልተቻለ በመዳሰስ ትጀምር።

ደረጃ 3፦ በእጅ

ከጠቅላላ ጊዜያችሁ እኩሌታውን እዚህ አውሉት። ስህተቱ ሁሉ እዚህ ነው ያለው።

*አቀማመጥ።* በጀርባ መተኛት። በሚመረመረው ጡት በኩል ያለው ትከሻ ሥር ትራስ ወይም የታጠፈ ጋቢ ይግባ፤ የዚያው ወገን እጅ ከራስ ሥር ይሁን። አልጋ ከሌለ መደብ ይበቃል። በተኛች ጊዜ ጡቱ ደረት ላይ ይሳሳል፤ ቆማ ብቻ ብትዳስስ ጥልቁ ያመልጣታል። ማተብ ወይም ሐብል ካለ ወደ ጀርባ ይዙር፤ ማተቧን አውልቂ አትበሏት።

*ጣት።* የሦስቱ መካከለኛ ጣቶች የአሻራ ቦታ፣ ማለትም መታወቂያ ስናወጣ ቀለም የሚቀባው ለስላሳ ሥጋ። ጫፉ አይደለም። ለማረጋገጥ የተማሪውን ጣት ኖራ አስነኩትና ስቶኪንጉ ላይ ያሳርፍ፤ ምልክቱ ነጥብ ከሆነ በጫፍ እየወጋ ነው፣ ሞላላ ከሆነ ልክ ነው። ይህ ከአሥር ጊዜ ቃል ይበልጣል።

*ግፊት።* በአንድ ቦታ ሦስት ትንንሽ ክቦች፦ የመጀመሪያው ቆዳውን ብቻ የሚያንቀሳቅስ፣ ሁለተኛው እስከ መካከል፣ ሦስተኛው የጎድን አጥንት እስኪሰማ። ተማሪዎች ሦስተኛውን ይፈሩታል፤ «ያማታል» ይላሉ። ባቄላውን ያለ ሦስተኛው ግፊት እንደማያገኙት በገዛ እጃቸው ይዩ። መጀመሪያ በሁለት ግፊት ብቻ እንዲፈልጉ አድርጉ፣ «የለም» ይበሉ፣ ከዚያ ሦስተኛውን ጨምሩ።

*መንገድ።* ከብብት ሥር ጀምሮ ወደ ታች፣ ጡት ማስያዣ ግርጌው እስከሚያርፍበት መስመር። አንድ ጣት ወደ ውስጥ ፈቀቅ፣ ከዚያ ወደ ላይ እስከ ክላቪክል (ከአንገት ሥር እስካለው አግድም አጥንት)። እንደገና ወደ ታች። እንዲህ እየተባለ እስከ ደረት መሐል አጥንት። ገበሬ ትልም እንደሚያወጣው ነው፦ ያልታረሰ መሬት በመካከል አይቀርም። ጣቶቹ ከቆዳው አይነሡ፤ ይንሸራተቱ እንጂ አይዝለሉ። ዙሪያውን በክብ ከመዞር ይልቅ ይህን የማስተምረው ጠርዞቹ ስለማይረሱ ነው። ከላይ ወደ ብብት የሚያዘነብለው የጡት ክፍል ብዙው የጡት ሥጋ ያለበት ነው፤ ካንሰሩም ከሌላው ይልቅ የሚበዛው እዚያ ነው፤ የሚዘለለውም እሱ ነው።

በአንድ ጡት ላይ ቢያንስ ሦስት ደቂቃ እጠይቃለሁ፤ ስልክ ላይ ሰዓት ያዙ። በአርባ ሰከንድ የጨረሰ አልመረመረም።

*ሲበላሽ*

- ጣት ከያዘና ካልተንሸራተተ፦ በገላ ጊዜ የሳሙና አረፋ፣ ካልሆነ ትንሽ ቫዝሊን።
- «ጠጠር አገኘሁ» ካለና እርሳሱ ከሆነ፦ ወደ ጎን ይከተለው። አጥንት እንደ ዘንግ ይቀጥላል፣ እብጠት ዳር አለው። በሰው ላይ ደግሞ ሌላኛውን ጡት በዚያው ቦታ ይዳስስ። ሁለቱም እኩል ከሆኑ ብዙ ጊዜ ተፈጥሮ ነው።
- ጡቱ ትልቅ ከሆነና ወደ ጎን ከፈሰሰ፦ የውጩ ግማሽ ሲመረመር ገላዋን ወደ ተቃራኒው ጎን ትንሽ ታዘንብል።
- በጡቱ ግርጌ ጠንከር ያለ ግማሽ ክብ ከተዳሰሰ፦ በብዙ ሴቶች ላይ ያለ ነው፤ በሁለቱም በኩል ካለ አያስደንግጥ።

ደረጃ 4፦ ብብት

እዚህ አንድ ስህተት ብቻ አለ፦ እጅን ሰቅሎ መዳሰስ። ክንድ ወደ ላይ ሲሰቀል ብብት ይወጠራል፤ ምንም አይገባም። ተቀምጣ ክንዷን በትንሹ ብቻ ፈቀቅ ታድርግ፣ ጣቶቿን ወደ ላይ አስገብታ በደረቷ ግድግዳ ላይ እየጫነች ወደ ታች ትሳብ። ከክላቪክል በላይና በታችም ትዳስስ። «ንፍፊት» የሚለውን ቃል ተጠቀሙ፤ እናቶች ያውቁታል። የእጅ ቁስልም ንፍፊት ያወጣል፤ ቁስሉ ድኖ እሱ ከቀረ ግን ትታይ።

ደረጃ 5፦ በራስ ገላ፣ በቤት

ተማሪዎቹ አንድ ወር ሙሉ ወስደው በግላቸው ይሞክሩት። በክፍል የምትጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «የቱ ደረጃ አስቸገራችሁ?» ዶርም ውስጥ ብቻ መሆን ከባድ ነው፤ ሻወር ቤት መጀመር እንደሚቻል ንገሯቸው።

ተማሪዋ በራሷ ላይ አንድ ነገር ካገኘችና ወደ እናንተ ከመጣች በር ዝጉ፣ ስሟን ለማንም አትንገሩ፣ ጓደኞቿ እንዲዳስሱላት አትፍቀዱ። እናንተም «ልይልሽ» ብላችሁ አትጀምሩ። በዚያው ሳምንት ሐኪም ዘንድ እንድትቀርብ አድርጉ፤ ከፈለገች አብራችኋት ሂዱ። በወጣት ላይ አብዛኛው እብጠት ካንሰር እንዳልሆነ መንገር ይቻላል፤ «የአንቺም አይደለም» ማለት ግን አይቻልም።

ደረጃ 6፦ ለእናት ማስረዳት

ሁለት ሁለት ሆነው ይቀመጡ፤ አንዱ ነርስ፣ አንዷ ቅዳሜ ገበያ ውላ የመጣች እናት። እንግሊዝኛ በገባ ቁጥር ከመጀመሪያው ይጀመራል። «ፓልፔት ያደርጋሉ» አይባልም። «በእነዚህ በሦስቱ ጣቶችዎ እየጫኑ ይዳስሳሉ፣ እማማ» ይባላል። አንቱታው ከአፉ እንዳይወድቅ ተከታተሉ። ጡት የሚለውን ቃል በሹክሹክታ የሚናገር ተማሪ እናቲቱን ያሳፍራታል፤ በመደበኛ ድምፁ እስኪናገር ይድገም።

መጨረሻ ላይ «ገባዎት?» አይበል። ሁሉም «አዎ ልጄ» ይላሉ። «ቤት ሲደርሱ ለልጅዎ እንዴት ያሳዩአታል? እስቲ ያሳዩኝ» ይበል። እናቲቱ በልብሷ ላይ ስታሳይ ስህተቱ ይታያል።

እናትየዋ ሦስት ነገር ማለቷ አይቀርም፤ ተማሪው መልስ ይዞ ይግባ።

«አያመኝም እኮ።» — «ባያምዎትም ይምጡ፤ ካንሰር ሲጀምር ብዙ ጊዜ አያምም።»

«ምች ነው፣ ቅጠል አድርጌበታለሁ።» — አይቆጣ። «እንግዲህ ሌላ አይጨምሩበት፤ አይሹት፣ አያስተኩሱት። ሐኪም ሲያየው ቆዳው እንዳለ ይሁን።»

«ጸበል ልግባ።» — «ይግቡ እናቴ። ቀጠሮውን ግን አይለፉ፤ ጸበሉም ሕክምናውም አብረው ይሄዳሉ።» ጸበሉን የሚነቅፍ ተማሪ እናቲቱን ያጣታል፤ ስትመለስም ረፍዶ ይሆናል።

ደረጃ 7፦ የተገኘ ነገር ሲኖር

ተማሪው ስም አይሰጥም፤ «ፋይብሮአዴኖማ (ካንሰር ያልሆነ የጡት እብጠት) ነው» ብሎ የሚያረጋጋ ነርስ እናትን ስድስት ወር ያዘገያል። የሚሠራው ይህ ነው፦

1. የትኛው ጡት? ቀኝ ማለት የሴትየዋ ቀኝ ነው፤ ፊት ለፊት የቆመ ተማሪ ይገለብጠዋል።
2. የት ቦታ? በሰዓት ሥዕል ይመዝገብ። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፤ የእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከመደበኛው በስድስት ስለሚለይ ሁለት ተማሪዎች «4 ሰዓት» ጽፈው ሁለት ተቃራኒ ቦታ ሊያመለክቱ ይችላሉ። ደንቡ 12 ወደ አንገት፣ 6 ወደ ሆድ ነው። ክብ ሥላችሁ ነጥብ አድርጉበት፤ ቁጥሩን ብቻ አትመኑ።
3. መጠኑ በሴንቲ ሜትር፣ ጥንካሬው፣ መንቀሳቀሱ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ።
4. ሪፈራል በጽሑፍ፣ ከቀን ጋር። ከጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ወደ ሆስፒታል። ሆስፒታል ላይ ሦስት ነገር እንደሚጠብቃት አስቀድመው ይንገሯት፦ የሐኪም ምርመራ፣ የአልትራሳውንድ ወይም የማሞግራፊ ምስል፣ የመርፌ ናሙና። መርፌውን ሳትሰማ የሄደች ከበር ትመለሳለች።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባስጀመረው እቅድ፣ ሴትየዋ መጀመሪያ ለሕክምና ከቀረበችበት ቀን አንሥቶ የበሽታው ምርመራ በ60 ቀን ውስጥ እንዲጠናቀቅ ይላል። ተማሪው ሪፈር ያደረጋትን እናት ስልክ በፈቃዷ ይዞ በሁለተኛው ሳምንት መድረሷን ይጠይቅ።

ለምታጠባ እናት፦ የቀላና ያበጠ ጡት በታዘዘላት መድኃኒት ካልተሻለ መድኃኒት እየቀያየሩ መጠበቅ የለም፤ ትላክ።

ደረጃ 8፦ ምዘና

የኦስኪ (የተግባር ፈተና) ቼክ ሊስት «ሦስቱን ግፊት ተጠቀመ» የሚለውን ያያል፤ ማግኘት አለማግኘቱን አያይም። ስለዚህ ሁለቱን ለይታችሁ መዝኑ። ለእያንዳንዱ ተማሪ ሁለት ሞዴል ስጡ፤ አንደኛው ባዶ ሊሆን እንደሚችል አስቀድማችሁ ንገሩ። ያገኘውን በሰዓት ሥዕል ላይ ያስቀምጥ። በባዶው ላይ «አለ» ያለ ነገ ጤነኛ ሴት ያስጨንቃል፤ ባቄላውን ያላገኘ ደግሞ የታመመችውን ያሳልፋል። ሁለቱም ይደግማሉ።

ሲደግሙ ከደረጃ 1 አትጀምሩ። ምስሩን አግኝቶ ባቄላውን ያጣ ችግሩ ግፊት ነው፤ ወደ ሦስተኛው ክብ መልሱት። ባቄላውን አግኝቶ ከዳር ያለውን ያጣ ችግሩ መንገድ ነው፤ ስቶኪንጉ ላይ በኖራ ትልም እያሰመረ ይሂድ። ሁሉንም ያጣውን በመጀመሪያ ጣቱን ንኩት፤ ከቀዘቀዘ ፔርሙሱን አቅርቡና እጁ ሲሞቅ ያኔ ይጀምር።